የአባቶቻችንን ድምፅ መልሱልን፦ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የቃል ታሪክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የከተማችንን ታሪክና ቅርስ የመሰብሰብ፣ የማስቀመጥና ለሕዝብ የማሳየት ኃላፊነት ለተሰጣችሁ ሁሉ
ሐዋሳ

ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሐዋሳ ሐይቅ ላይ መረብ ጥለው በሚኖሩ ሰዎችና በቤተሰቦቻቸው ስም ነው። እኔም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ። አሁን የማኅበራችንን መዝገብ እይዛለሁ። የመሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ የተነሣሁት ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ግን ስታነቡት ታውቁታላችሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በከተማችን የተከፈተው የፎቶ ዐውደ ርዕይ ነው። የከተማዋን ትናንትና ዛሬ ያሳያል ተብሎ ተነገረን። ከማኅበራችን ሰባት ሆነን ሄድን። የክት ልብሳችንን ለብሰን ነው የሄድነው። አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞርነው። እኛን የሚመለከት ያገኘነው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ የጀልባ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። የክሩን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘውታል። ከሥሩ የተጻፈው ሦስት ቃል ነው፦ «ባህላዊ ዓሣ አጥማጅ»።

እኚያን አባት እኛ እናውቃቸዋለን። ዛሬ በሕይወት የሉም። የዓሣ ገበያው ባለበት አሞራ ገደል ዳር ከሚቆሙት የእንጨት ጀልባዎች ብዙዎቹ የእጃቸው ሥራ ናቸው። ጀልባ ውሃ ማስገባት ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ያን ቀን አብራን ነበረች። ፎቶው ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ፣ «ስሙን ብቻ ልጻፍበት» አለች። ጥበቃው ከለከላት። አይፈረድበትም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። እሷ ግን እስክሪብቶውን በእጇ እንደያዘች ነው ከአዳራሹ የወጣችው።

የእኚህ አባት ስም ያልተጻፈው የሚያውቀው ሰው ስለሌለ አይደለም። የሚያንገበግበንም ይኸው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ወጣቶች መቅጃ ይዘው ወደ ማኅበራችን መጋዘን መጥተው ነበር። የሐይቁን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ልንሰበስብ ነው አሉን። ደስ አለን። ስድስቱን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ዞሬ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀዱ። ጀልባ ሠሪው ብቻቸውን ሦስት ሰዓት ያህል አወሩ። ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የተወለዱበት ቦታ ቅጽ ላይ ተሞላ። መፈረም የሚችሉት ፈረሙ፤ የማይችሉት የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ቅጹ ምን እንደሚል ግን ማንም አላነበበላቸውም።

ከዚያ በኋላ ወፍ የለም።

ከስድስቱ ሁለቱ ዐረፉ። የጀልባ ሠሪው ልጅ በአባቷ ተዝካር ቀን ድምፃቸውን ለዘመድ ማሰማት ፈለገች። ቅጂ ስጡን ብለን ሄድን። መጀመሪያ ወደ ሌላ ቢሮ ተላክን። እዚያ፣ ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተቀይሯል ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ እውነቱን ነገረችን። ድምፁ የነበረው አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ላፕቶፑን የያዘው ልጅ ሥራ ለቋል። ላፕቶፑ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። እናመሰግናታለን፤ ቢያንስ እሷ አላመላለሰችንም። ተዝካሩ ግን ያለ ድምፁ አለፈ።

በዚያ ቅጂ ውስጥ ምን እንደነበረ ላካፍላችሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

የናይሎን መረብ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ክር እየመዘዙ መረብ ይሠሩ ነበር። አንዱ ይመዛል፣ ሌላው ክሩን ጭኑ ላይ ያከረዋል፣ ሴቶቹ ይቋጥሩታል። ተንሳፋፊውን የሚቆርጡት ካለቀ ሸበጥ ነው። ማስጠሚያው ድንጋይ ነው። የመረቡ ዓይን የሚለካው በጣት ነበር። ባለ አራት ጣት መረብ ትንሹን ቆሮሶ ያሳልፋል፣ ትልቁን ይይዛል። ጀልባ ሠሪው ይህን ሲነግሩን እጃቸውን ዘረጉ። የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት መጥረቢያ አጣሞታል። በእሳቸው እጅ ሲለካ ዓይኑ ይሰፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚለኩት በሚስታቸው እጅ ነበር። «ይቺ እጅ ናት ቤቱን ያቆመችው» ብለው ወደ ጓዳ ጠቆሙ።

ያኔ ዓሣ የሚበላ ሰው ጥቂት እንደነበር ተናገሩ። ዓሣ ይዞ ሰፈር መግባት ያሳፍር እንደነበር፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዝ እንደነበር። ዛሬ ሐዋሳ ሲባል መጀመሪያ ዓሣ ትዝ በሚለው ሰው ጆሮ ይህ ተረት ይመስላል። ከተማዋ ዓሣ መብላትን ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው የተማረችው። በደርግ ጊዜ ደግሞ የያዙትን በተተመነ ዋጋ ለመንግሥት ያስረክቡ ነበር። ለቤት የምትቀር አንዲት አምባዛ እንዴት በጀልባው ወለል ሥር ትደበቅ እንደነበር ሲያወሩ አንደኛው ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወንድማቸው በዚያች አምባዛ ምክንያት ታስሮ ነበር። ይህን እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የገዛ ልጆቻቸውም አያውቁትም ነበር።

ስለ ቦታ ስሞችም አወሩ። እናንተ ካርታ ላይ የምታዩት አንድ ሰማያዊ ቅርጽ ነው። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ። ለአጥማጁ ግን ሐይቁ ሰፈር ሰፈር አለው። ጉማሬ የሚውልበትና ሌሊት መረብ የማይጣልበት ቦታ አለው፣ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል። ድንጋይ መረብ የሚበላበት ቦታ አለው። ቆሮሶ እንቁላል የምትጥልበት ሣር ያለው ዳርቻ አለው። አንዳንዱ ቦታ እዚያ በሞተ ሰው ስም ይጠራል። ማዕበል ተነሥቶ ጀልባ የተገለበጠበት ሌሊት፣ ማን ማንን ለማዳን እንደዋኘ፣ ማን እንዳልተመለሰ፣ ሁሉም በዚያ ስም ውስጥ አለ። ወጣቶቹ አሁን ቦታውን የሚያውቁት በባሕር ዳሩ ሆቴሎች ነው። «ከእገሌ ሆቴል ፊት ለፊት» ይላሉ። አሮጌዎቹን ስሞች በሙሉ የሚያውቁ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጆሯቸው እየደከመ ነው።

ወደ ጓዳው ልመለስ። ያቺ እጅ ናት የተባለችው እናት በሕይወት አሉ። ድምፅ ለቀዱት ወጣቶች ሁለቱንም ቀን ቡና ያፈሉት እሳቸው ናቸው። መረብ መቋጠር የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። ባላቸው ውሃ ላይ ሲያድሩ ገበያ ወጥተው ይሸጡ ነበር። ስድስት ልጆች ያሳደጉበት የዓሣ ሾርባ ድስት ዛሬም ቤታቸው አለ። ታዲያ አንድ ጥያቄ እንኳ አልተጠየቁም። መቅጃው በርቶ ሲኒ ሲያነሱ ድምፅ እንዳያሰሙ ነው የተነገራቸው። በሐይቁ ዙሪያ ዓሣ የሚጠብሱ፣ ሾርባ የሚሸጡ፣ መረብ የሚጠግኑ ሴቶች ስንት ናቸው? የዓሣን ታሪክ ያለ እነሱ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ነው የጻፈው።

ልጆቹም አሉ። አሞራ ገደል ጠዋት የሄደ ሰው ያያቸዋል። ዓሣው ከጀልባ እንደወረደ ቢላዋ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ የቆሮሶውን ቆዳ ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ሥጋውን በሁለት እጁ ወደታች ይስባል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አጠገቡ ቆሞ አንጀቱን ይጠብቃል። ጎብኚ ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ዛሬ የሦስት ጀልባ ባለቤት ነው። ሌላው በአሥራ አምስት ዓመቱ በእጁ ቁስል ተመርዞ ሞተ። ይህም የሥራ ታሪክ ነው፤ ማንም መጥቶ አልጠየቀንም።

ሌላው ቅሬታችን የሐይቁ ጉዳይ ሲመከር ስለሚደርስብን ነገር ነው። ከዓመታት በፊት ስለ ሐይቁ ደኅንነት በተጠራ ስብሰባ ላይ ማኅበራችን ተወክሎ ነበር። አንድ የእኛ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ስለ ጨለለቃ መናገር ፈለጉ። ጨለለቃ ዛሬ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው የሚያውቁት ግን ሰፊ ውሃ፣ ሐይቅ ሆኖ ነው። ውሃው እንዴት እንደሸሸ፣ ከየትኛው በኩል ደለል እንደሞላው፣ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ውሃ ወንዝ ምን ዓይነት ቀለም ይዞ ወደ እኛ ሐይቅ እንደሚገባ ዓመት በዓመት ያስታውሳሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጥቁር ውሃ ይዞት የሚመጣው ነገር ለእኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሽማግሌው ገና «በንጉሡ ጊዜ» ብለው ሲጀምሩ መድረኩን የሚመራው ሰው ሰዓቱን አየ። «አባት፣ ሐሳብዎ ተይዟል» አላቸው። ተቀመጡ። በቃለ ጉባኤው ላይ ፈልገን አጣነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው ሲገፋም ውሃው እስከ የትኛው ዛፍ እንደደረሰ በእጃቸው ያሳዩዋችኋል። ዛፉ አሁን የለም። እሳቸው ግን ቆመው የነበሩበትን ቦታ አይስቱም።

የሽማግሌ ትዝታ ማስረጃ አይሆንም የምትሉ ካላችሁ፣ ከሐይቁ ዳር ሳንርቅ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሚከበርበትን ጉዱማሌን እንይ። ይህ በዓል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው በምን ላይ ቆሞ ነው? ቀኑን የሚቆርጡት አያንቱዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ አይተው ነው። ያ ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ የመጣ ነው። ዓለም ተቀበለው። እኛም ኮራንበት። እዚያው ጉዱማሌ አጠገብ ያለውን ውሃ ሃምሳ ዓመት ያነበበ ሰው ዕውቀትስ ከምን ይቆጠር? አገራችን የማይዳሰስ ቅርስን የሚጠብቀውን የዩኔስኮ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ተቀብላለች። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የማይዳሰስ ቅርስን ያውቃል። ሕግ አላጣንም።

የሩቅ አገር ነገርም ልጨምር። ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ የሚባል ደሴት አለ። ሕዝቡ ለመቶዎች ዓመታት ኮድ የሚባል ዓሣ እያጠመደ ኖሯል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በትንንሽ ጀልባ በዳርቻው የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው እያነሰ ነው፣ መጠኑም እየቀጨጨ ነው እያሉ ይጮኹ ነበር። የመንግሥት ግምት ግን ከእውነቱ በጣም ከፍ ያለ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ማጥመድ ታገደ። 30,000 ገደማ ሰው ሥራ አጣ። ቀድመው የተናገሩት ሰዎች ልክ ነበሩ። በአሜሪካ ደግሞ ኖአ የሚባለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት የዓሣ አጥማጆችን ቃለ መጠይቅ ሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ አኑሯል። ማንም በነፃ ገብቶ ያዳምጣል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደተቀዳ ይታወቃል። ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም። አንድ መቅጃ፣ ሁለት ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ ስም የሚጽፍ ሰው።

እኛ ስም አለን። የማጥመድ ፈቃድ ስናወጣ ይመዘገባል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ግዴታችንን ሲነግረን በስማችን ነው የምንጠየቀው። ፎቶ ሥር ሲደርስ ብቻ ነው የጠፋው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን ልናገር።

ከሁሉ በፊት ያ ላፕቶፕ ይፈለግ። የተረከበ ሰው አለ፣ የፈረመበት ወረቀት አለ። ድምፁ ከተገኘ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቅጂ ይሰጥ፤ ፍላሹን እኛ እንገዛለን። ካልተገኘ ደግሞ አልተገኘም የሚል ደብዳቤ ማኅተም አድርጋችሁ ስጡን። ዛሬ ነገ እየተባለ ሌላ ዓመት እንዲያልፍ አንፈልግም።

ፎቶው ሥር ስማቸው ይጻፍ። ጀልባ ሠሪ እንደነበሩም ይጻፍ። ጽሑፉን ልጃቸው ታዘጋጃለች። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከቀሩት ሽማግሌዎችና ከሴቶቹ ጋር ቀረጻው እንደገና ይጀመር። በዚህ ላይ ጥቂት ነገር ልብ በሉልን። ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ይጠየቅ። ከእኛ መካከል በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የሚያወሩ አሉ። ያለፈው ጊዜ ሁሉም በአማርኛ እንዲናገሩ ተደርጎ አንደኛው አባት ግማሹን በምልክት ነው የጨረሱት። በሁዳዴ አትምጡ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና ገበያችን የሚደምቀው በእነዚያ 55 ቀናት ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ አያወራም። ጠዋትም አትምጡ። ማታ የተጣለው መረብ ሲነጋጋ ነው የሚነሳው፤ ከዚያ ሽያጭ አለ፤ ከዚያ እንቅልፍ። የምታስፈርሙትን ወረቀት መጀመሪያ አንብቡላቸው። አንድ ቀን ደግሞ በጀልባ አብራችኋቸው ውጡ። የቦታ ስሞቹ ቤት ውስጥ አይመጡላቸውም። ውሃው ላይ ግን ይመጣሉ። መቅረጽ የሚችሉ፣ ኮሌጅ የጨረሱ የአጥማጅ ልጆች አሉን፤ እነሱን አሠልጥኑና አሠሩ።

የተሰበሰበው ሰው በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አንድ ቅጂ በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ አንድ ቅጂ በማኅበራችን ቢሮ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ መጥተው መጠይቅ አስሞልተውን ይሄዳሉ። እነሱም የጻፉትን አንድ ቅጂ ለእኛ የሚያስረክቡበት ደንብ ቢኖር እንወዳለን።

ስለ ሐይቁ በሚጠሩ ስብሰባዎችም ሽማግሌዎቻችን ጨርሰው ይናገሩ። የተናገሩት ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ማኅበራችንን ለማግኘት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ጋ መጥቶ ማንንም መጠየቅ ይበቃል። ከሌላው ሁሉ በፊት መቀዳት ያለባቸው የጀልባ ሠሪው ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ግን ትውስታቸው ንጹሕ ነው። ጠይቄያቸው ፈቃደኛ ሆነዋል። ከሰዓት በኋላ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቤት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር

በሐዋሳ ሐይቅ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር የመዝገብ ሹም
በአባላቱና በሟቾቹ ቤተሰቦች ስም